ከአባቴና ከልጄ ጋር በጥር ወር አዲስ አበባ፦ አዝማሪ የት እንስማ?

ወለተ ካሳንቺስ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። በመጪው ጥር 6 ቀን ከ74 ዓመት አባቴና ከ15 ዓመት ልጄ ጋር አዲስ አበባ እንገባለን፤ የምንቆየው አሥር ቀን ብቻ ነው። አባቴ ከአገር የወጡት በ1983 ዓ.ም. ሲሆን ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሰው ያዩዋት በ1999 ዓ.ም. ነው። ያደጉት ካሳንቺስ ነው፤ በወጣትነታቸው ከሥራ መልስ አዝማሪ ቤት ማምሸት ልማዳቸው ስለ ነበር፣ ዛሬም ማሲንቆ በሰሙ ቁጥር የሚያነሡት የእነዚያን ምሽቶች ወሬ ነው። ሰፈሩ መፍረሱን በቴሌቪዥን ያዩ ዕለት «ቤቱስ ይፍረስ፣ አዝማሪዎቹ የት ገቡ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አጣሁ።

ልጄ ደግሞ ሥዕል ትወዳለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ቅኔው ግን አይገባትም። አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚደሰቱበት፣ ሙዚቃም ሥዕልም ጥሩ ምግብም ያለበት አሥር ቀን እንዲሆንላቸው እፈልጋለሁ። ጥምቀትም በመካከሉ ይውላል። በከተማው ያላችሁ ወገኖች የምታውቁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁ አይጠፋኝም።

የማሲንቆ ወዳጅ፦

እህታችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ ለማለት ያብቃን። የአባትዎ ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለ ሆነ ከእሱ ልጀምር። ለካሳንቺስ ስሙን ያወረሰው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው «ኢንቺስ» የተባለ ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ የነበሩት ቤቶች በእኛ አፍ ካሳንቺስ ሆኑ። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲፈርስ የፈንድቃ የባህል ማዕከልም አብሮ ተነሥቷል። ፈንድቃን የሚመራው ተወዛዋዡ መላኩ በላይ፣ በዚያው ቤት ለዓመታት በሽልማት ብቻ እየተወዛወዘ የኖረ፣ በኋላም ቤቱን ተረክቦ አዝማሪን ከጃዝ፣ ከሥዕልና ከግጥም ጋር ያገናኘ ሰው ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሥራው በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ ቀጥሏል። የትኛው ምሽት የአዝማሪ፣ የትኛው የባንድ እንደ ሆነ ከመሄድዎ በፊት በስልክ ያረጋግጡ። ሌሎቹ አዝማሪዎች በየሰፈሩ ተበትነዋል፤ የሚሠሩባቸውም ቤቶች ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩ፣ እዚህ ስም ከምጠራ በደረሳችሁበት ሳምንት ጠይቃችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ አባትዎን ድምፅ ማጉያ ወደሚጮኽበት አዳራሽ አይውሰዷቸው። ማሲንቆ ያለው ክር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። የአዝማሪ ጥበቡ ያለው በቃሉ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ቃሉ በድምፅ ማጉያ ጩኸት ከተዋጠ የቀረው ጭፈራ ብቻ ነው። ቀደም ብለው ገብተው ከፊት ያስቀምጧቸው፤ ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብርም ይያዙ። አምና ከውጭ የመጡ አንድ አረጋዊ ዘመዴን ወስጄ ነበር። አዝማሪዋ ዞራ ዞራ እሳቸው ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «ተቀበይ!» ብለው እንዲህ አሏት፦

ካሳንቺስ ብመጣ ሰፈር የለም አሉኝ፣
ማሲንቆው ነው እንጂ መንገዱን ያሳየኝ።

እሷም ያንኑ ተቀብላ በትዝታ ቅኝት ስታዜመው፣ በቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ያነሣ ሰው አልነበረም። አባትዎ «ተቀበል» ማለት አልረሱም ብዬ አምናለሁ። ልጅዎም ከአጠገባቸው ተቀምጣ ስንኙን አንድ በአንድ ቢተረጉሙላት፣ ሰሙን ከወርቁ የምትለይበት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አታገኝም።

ስድስት ኪሎ፦

ስለ ጥምቀቱና ስለ ሥዕሉ እኔ ልጨምር። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱን ካህናቱ በማኅሌት ያድራሉ፤ ጥር 11 ማለዳ ውኃው ተባርኮ ምእመናን ከተረጩ በኋላ ታቦታቱ በእልልታና በሆታ ወደየመንበራቸው ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ግን በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ ነው። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሽብሸባውን፣ የከበሮውን አመታትና የጽናጽሉን ድምፅ ከቅርብ ማየትና መስማት ነው፤ በከተማችን በዓመት አንዴ፣ ያለ ቲኬት የሚገኝ ታላቅ የዜማ ጉባኤ ይህ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፣ ለልጅዎ ቀሚስ የሚገዙ ከሆነ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ይውጡ። በልኳ የሚሰፋ ከሆነ የበዓል ሰሞን ሰፊዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው፣ በገባችሁ በማግሥቱ ብትሄዱ መልካም ነው።

ሥዕልን በተመለከተ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ለጃን ሜዳ ቅርብ ነው። ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊም ገጣሚም ስለ ነበረ፣ አያትየው ግጥሙን ሲያስታውሱ ልጅቱ ሥዕሉን ታያለች። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተከፈተ፣ የጉብኝት ሰዓት ጠይቃችሁ ግቡ። አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ግን ልጅዎን የምወስዳት ወደ መካኒሳ፣ ወደ ዞማ ሙዚየም ነው። የሠዓሊ ኤልያስ ስሜና የመስከረም አሰግድ ሥራ ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ የአገራችን ሰው ለዘመናት ቤቱን በሠራበት በዚያው ዘዴ ጠቢብ እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ታየዋለች። ኤልያስ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች ሽቦና ሰሌዳ ሥዕል የሚሠራ ሰው ነው፤ የ15 ዓመት ሠዓሊ ከዚህ የምትማረው ብዙ ነው።

ስለ ሰዓት ጥቂት ልበል። ማስታወቂያው ላይ «1 ሰዓት» ቢል ምሽት 1 ሰዓት ማለት ነው፤ የእርስዎ ስልክ ግን 7 ሰዓት ይላል። ከውጭ የመጡ ዘመዶቼ በዚህ ተሳስተው ዝግጅት ሲያመልጣቸው አይቻለሁ።

የሌማት ትሩፋት፦

የማሲንቆ ወዳጅ ከላይ የጻፉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ድምፅ ማጉያ ያለባቸውን የባህል ምግብ ቤቶች እንዲህ በአንድ ቃል መጣል ተገቢ አይመስለኝም። በእነዚያ ቤቶች የሚጫወቱት ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ለዓመታት ያጠኑ፣ ኑሯቸውም በዚሁ ሥራ ላይ የተመሠረተ ባለሙያዎች ናቸው። ቅኔው ለማይገባት ልጅ የጉራጌ፣ የኦሮሞ፣ የወላይታና የጎንደር ጭፈራ በአንድ ምሽት ተከታትሎ ሲቀርብ፣ ትከሻና እግር የሚናገሩትን ያለ አስተርጓሚ ትረዳለች። አንድ ምሽት ለአያት፣ አንድ ምሽት ለልጅ ይሁን እላለሁ። ቲኬት ተቆርጦ በትልቅ አዳራሽ የሚቀርብ ኮንሰርት ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። እኔ ባለፈው ዓመት እናቴን ይዤ በሄድኩበት አንድ አዳራሽ ዝግጅቱ የተጀመረው ከተባለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው፤ ወንበሩም ስላልበቃ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ አመሸች፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለአዛውንት የሚመቸው ቲያትር ቤት ነው። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ቤት ነው፤ አባትዎም ከብሔራዊ ቲያትር ጋር በደንብ የሚያውቁት ይመስለኛል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም የጥምቀት ገሃድ የሆነው ጥር 10 ጾም ነው፤ በእነዚህ ቀናት በየትኛውም ሰፈር ደኅና በያይነቱ ይገኛል። በፍስክ ቀን ክትፎ ቤት ይግቡ። ጥሩ ክትፎ ቤት የሚታወቀው ሥጋው በማሽን ሳይሆን በቢላ ሲከተፍ ነው፤ የመክተፊያው ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ እንደ ሞቀ ይፈስበትና በጣባ፣ ከአይብ፣ ከጎመንና ከቆጮ ጋር ይቀርባል። ልጅዎ ጥሬ ካልለመደች «ለብለብ» ብለው ይዘዙላት። ጠጅ ከፈለጉ ግን ከምግቡ በኋላ፣ በብርሌ፣ በልክ ይሁን፤ አባትዎ ማምሸት አለባቸውና።

ወለተ ካሳንቺስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሦስታችሁንም መልስ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ሁለቱ ስንኞች ጋ ስደርስ «ድገሚልኝ» አሉ፤ ከዚያም የራሳቸውን ሊያዘጋጁ ወረቀት ጠየቁኝ። የቀረኝ ስጋት አንድ ነው፤ አባቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በጃን ሜዳ ሕዝብ መካከል ብዙ መቆም አይችሉም። ምን ይሻላል?

ስድስት ኪሎ፦

እንግዲያው በጥር 11 ማለዳ እርስዎና ልጅዎ ጃን ሜዳ ይሂዱ፤ አባትዎ ይረፉ። በጥር 12 ደግሞ ሦስታችሁም ታቦቱ ሳይደርስ አስቀድማችሁ የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ከመንገዱ ዳር ቦታ ያዙ። ታጣፊ ወንበር ይዛችሁ ኑ፤ ወጣቶቹ ምንጣፉን እያነጠፉ ሲያልፉ አዛውንት ተቀምጠው ካዩ ራሳቸው ቦታ ያስለቅቁላቸዋል። ታቦቱ ሲደርስ ግን ደግፋችሁ አቁሟቸው።