9 ዋት አምፖል ለጥቁር በርኖስ ስፌት ለምን አነሰ?

ሰፊው (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፌት ቤቱ 3 በ4 ሜትር ነው። ከመኪናው ጠረጴዛ 2 ሜትር ከፍ ብሎ አንድ 9 ዋት ሌድ አምፖል ተሰቅሏል፤ ካርቶኑ 800 ሉመን፣ 6500 ኬልቪን ይላል። ነጭ ሲሰፋ ችግር የለም፤ ማታ ጥቁር በርኖስ ላይ ግን ጥቁሩ ክር ጨርሶ አይለይም። 15 ዋት ባደርገው ይበቃል?

መብራት ዘርጊ፦
አይበቃም። ዋት አምፖሉ የሚበላው ኃይል እንጂ የብርሃን ልክ አይደለም። ከአምፖሉ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ሉመን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ደግሞ ሉክስ ይባላል። 800ን ለ12 ካሬ ስታካፍለው 67 ሉክስ ይመጣል፤ ግድግዳውና አቧራው ግማሹን ስለሚውጡት 33 ቢተርፍህ ነው። የአውሮፓው የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለስፌት 750 ይጠይቃል። 15 ዋቱ 1400 ሉመን ቢሰጥ እንኳ 60 አይሞላም።

ሻምበል መቅረዝ፦
ቁም ነገሩ ርቀቱ ላይ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደው ብርሃን በካንዴላ ይለካል፤ 800 ሉመን ዙሪያውን እኩል ቢበተን 64 ካንዴላ ገደማ ነው። ይህን ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር አካፍል፦ ከግድግዳ የሚመለሰው ሳይቆጠር በ2 ሜትር 16 ሉክስ፣ በ1 ሜትር 64፣ በ50 ሴንቲ ሜትር 256። አምፖሉ ያው ነው! ውስጡ ነጭ የሆነ የቆርቆሮ ቆብ ካጠለቅክለት ወደ 500 ይጠጋል። በቀኝ እጅ የምትሠራ ከሆነ ከመርፌው በስተግራ፣ ከዓይንህ ዝቅ አድርገህ እሰረው፤ በስተቀኝ ከሆነ የእጅህ ጥላ ስፌቱን ይሸፍነዋል። ይህ ሁለተኛ አምፖል ይሁን፤ የጣሪያውንም አታጥፋ፤ ዙሪያው ከጨለመ ዓይን ቶሎ ይደክማል።

ጨርቅ አዋቂ፦
ሉክስ ጨርቁ ላይ የሚያርፈውን ነው የሚቆጥረው፤ ዓይን የሚያየው ግን ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ነጭ ጨርቅ ከመቶ 80 ያህል ሲመልስ ጥቁር በርኖስ 5 ቢመልስ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ከጎን አጋድመህ ልቀቅበት፤ ክሩ ትንሽዬ ጥላ ይጥልና ከሱፉ ይለያል። ኬልቪኑ የድምቀት ሳይሆን የቀለም ነው፦ 2700 ቢጫ፣ 6500 ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ጥቁሩን ክር ከጥልቅ ሰማያዊው ለመለየት የሚረዳህ ሲአርአይ የሚባለው፣ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚገልጸው ቁጥር ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ፈልግ።

ሰፊው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቆቡ ግጥም ብሎ ቢዘጋ ችግር አለው?

መብራት ዘርጊ፦
አለው። የሌድ ሙቀት የሚወጣው በአንገቱ በኩል ነው፤ ከታፈነ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ቶሎ ይቃጠላል። ቆቡን አናቱ ላይ ብሳው፤ ቆርቆሮ ስለሆነ ደግሞ ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አድርግ፤ ጠርዙ ሽቦውን ከላጠው ቆቡ ራሱ ይነዝራል።