«ስታቲክ ሾክ»ን ከልጆቻችን ጋር ስለማየት፦ የጋራ ሐሳብ ለማርቀቅ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የወጣቶች ክፍል አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለመጪው የትምህርት ዕረፍት ለሥራ አመራር ኮሚቴው የምናቀርበውን ሐሳብ በጋራ እንድናዳብረው የመጀመሪያውን ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ሐሳቡ እዚህ ሜሪላንድ የሚያድጉ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ልጆቻችን «ስታቲክ ሾክ» የተባለውን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው እንዲያዩትና እንዲወያዩበት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ሲሆን 52 ክፍሎች አሉት። መነሻው ድዌይን ማክደፊ፣ ዴኒስ ካወንና ባልደረቦቻቸው የመሠረቱት ማይልስቶን የተባለ አሳታሚ ድርጅት በ1993 ማውጣት የጀመረው የኮሚክ መጽሔት ነው። ባለታሪኩ ቨርጂል ሆኪንስ ዳኮታ በምትባል ምናባዊ ከተማ የሚኖር ጥቁር ተማሪ ነው፤ ወደብ ላይ በተነሳ የወሮበሎች ጠብ መካከል ለአንድ ጋዝ በመጋለጡ ኤሌክትሪክን እንደፈለገ የማዘዝ ኃይል ያገኛል። ረቂቁ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረን በቅደም ተከተል እንድንቀጥል ይላል።

የወላጆች ተወካይ፦
ሐሳቡን ከልብ እደግፋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ቢታሰብበት እላለሁ። ልጆቹን የሚስበው በብረት ሳህን ላይ ቆሞ መብረሩ ቢሆንም፣ ለእኛ የሚጠቅመው በቤት ውስጥ የሚሆነው ነገር ስለሆነ፣ የቨርጂል የቅርብ ጓደኛ የሆነው የሪቺ አባት በሚታይበት ክፍል ብንጀምር ይሻላል። ሪቺ ነጭ ነው፤ ጓደኛውን ወደ ቤቱ ጠርቶት የማያውቀው አባቱ ለጥቁሮች ያለውን ጥላቻ ስለሚያውቅና ስለሚያፍርበት ነው። ቨርጂል አንድ ቀን እዚያ ለማደር ሄዶ፣ ሰውዬው ስለ እርሱ የሚናገረውን በጆሮው ሰምቶ ይወጣል። ሪቺም ከአባቱ ተጣልቶ ከቤት ሲጠፋ፣ ልጁን ፍለጋ የሚሄዱት ሁለቱ አባቶች አብረው ናቸው። ደራሲዎቹ ያንን ሰው በአንድ ሌሊት መልአክ ሳያደርጉት፣ በልጁ ጭንቀት ውስጥ ከሚንቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ማድረጋቸው ከኃይልና ከፍልሚያው ሁሉ ይበልጥብኛል።

አንድ አባል፦
እህታችን ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ስጋት አለኝ። ልጆቻችን በሐበሻነታቸው ኮርተው እንዲያድጉ ስንደክም፣ የሌላውን ሕዝብ ቁስል ገና በልጅነታቸው ብናሸክማቸው አይከብዳቸውም ወይ?

የታሪክ መምህር የሆኑ አባል፦
ወንድሜ፣ ስጋትዎን አከብራለሁ፤ ሸክሙ ግን ከእኛ ፈቃድ ሳይጠይቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ይጠብቃቸዋል። ልጁን በመንገድ ላይ የሚያየው ሰው ወላጆቹ ከጎንደር ይምጡ ከአሜሪካዋ ጆርጂያ አይለይም፤ ስለዚህ ስለ ዘረኝነት መጀመሪያ የሚሰማው ከእኛ ቢሆን እመርጣለሁ። በመግቢያው ላይም ስለ ባለታሪኩ ስም አጭር ገለጻ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። ስሙ የተወሰደው ከእውነተኛው ቨርጂል ሆኪንስ ነው፤ እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1949 ለፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አመልክተው በጥቁርነታቸው ተከለከሉ፤ ለዘጠኝ ዓመት በፍርድ ቤት ከተሟገቱ በኋላም በ1958 የራሳቸውን ማመልከቻ ትተው ለሌሎች ጥቁር ተማሪዎች በሩ እንዲከፈት አደረጉ። ሐበሻ ተማሪ ዛሬ በዚያ በር ሲገባ የገባው በእነዚህ ሰዎች ድካም ጭምር ነው።

ከዚህ ጋር የጋናው ክፍል ይታይ። ቨርጂል ከአባቱና ከእህቱ ጋር ጋና ሄዶ አናንሲ ከተባለው ጀግና ጋር ይገናኛል፤ በቆዳው ቀለም ተለይቶ በማይታይበት አገር መሆን ምን ያህል እንዳሳረፈውም ይናገራል። አዲስ አበባ ደርሰው የተመለሱ ልጆቻችን እዚያ ምን እንደተሰማቸው ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አናገኝም።

የወላጆች ተወካይ፦
ስለ ትምህርት ቤት ጥቃትና ስለ መሣሪያ የሚናገረው «ጂሚ» የተባለው ክፍልስ? በ2003 ለፊልምና ለቴሌቪዥን ድርሰት የሚሰጠውን የሂውማኒታስ ሽልማት ያገኘው እርሱ ነው። እኩዮቹ የሚያሰቃዩት ልጅ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ሪቺም ይቆስላል። የቨርጂል እናት በከተማው ረብሻ ጊዜ በጥይት የሞተች በመሆኗ፣ ነገሩ ለእርሱ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል። ይህ ክፍል እንዲቀር አልፈልግም፤ ግን ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሁን፤ ወላጆችም አስቀድመው ለብቻቸው ይዩት።

ጸሐፊ፦
ከቤት ውጭ ለተሰበሰበ ሰው ፊልም ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ አዳራሽ ከመያዛችን በፊት የፈቃዱ ወጪ በበጀቱ ይካተት።

የወጣቶች ክፍል አስተባባሪ፦
ሁሉንም ተቀብዬ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ከ'ስታቲክ ሾክ' የተመረጡ ሦስት ክፍሎችን፣ ማለትም የሪቺን አባት፣ የጋናውንና 'ጂሚ'ን፣ በሦስት ቅዳሜዎች ያሳያል። ባለታሪኩ ኃይሉን እንዴት እንዳገኘ በቃል ይነገራል፤ ስለ ስሙም በመጀመሪያው ቅዳሜ ገለጻ ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይገኛል። ሦስተኛው ቅዳሜ ዕድሜያቸው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ብቻ ሲሆን፣ ወላጆች በዋዜማው ክፍሉን ለብቻቸው ያዩታል። ውይይቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይካሄዳል፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ይናገራሉ።» ውይይቱን ለመምራት ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከ ዓርብ ድረስ አሳውቁኝ፤ ጸሐፊያችንም የፈቃዱን ዋጋ ጠይቀው ከረቂቁ ጋር ያያይዙልን።