የጥድ ችግኝ አረም ቁጥጥር፦ ረቂቅ ፕሮፖዛሉ ላይ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ላይ ያለው «አረም በየጊዜው ይታረማል» የሚል አንድ መስመር ነው፤ በዚህ ገንዘብ የሚሰጠን የለም። መቼና እንዴት የሚለውን እንሙላ። ቦታው ተዳፋት፣ 1 ሄክታር፤ የአበሻ ጥድ በ2 ሜትር ርቀት፣ 2,500 ችግኝ።

የመስክ ባለሙያ፦ ሙሉ ምንጠራ አይግባ። አፈሩ ይታጠባል፣ የተራቆተውን መሬት ደግሞ ቀድሞ የሚይዘው ቅንጨ አረም (ፓርቲኒየም) ነው። በየችግኙ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይበቃል፤ ሲደመር የቦታውን አንድ አምስተኛ ነው። አንደኛው ዙር ነሐሴ አጋማሽ፣ ሁለተኛው መስከረም መጨረሻ። ሁለተኛው ከተዘለለ ጉዳቱ የሚታየው በበጋ ነው። የአዲስ ችግኝ ሥር ገና ካደገበት የፕላስቲክ ከረጢት ጥልቀት ብዙ አልወረደም፤ ዝናቡ ሲያቆም የላይኛውን እርጥበት ሣሩና አረሙ ይሻሙታል።

የችግኝ ጣቢያ፦ በሁለቱ ዙሮች መካከል ከጳጉሜን ጋር ሰባት ሳምንት አለ። ቅንጨ በቅሎ ለማበብ አንድ ወር ሊበቃው ይችላል፤ አንዱ ተክል ብቻውን እስከ 25,000 ዘር ይጥላል። መስከረም መጀመሪያ ላይ ቅንጨ ብቻ የሚነቀልበት ለቀማ ይጨመር፤ ሳያብብ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ። በማጭድ ከተቆረጠ ከታች ያቆጠቁጣል። የወፍ ቆሎም (ላንታና የሚባለው ቁጥቋጦ) እንዲሁ ነው፣ እሱ ዶማ ይፈልጋል።

ሌላው የከረጢት አፈር ነው። ከመንገድ ዳር ከመጣ ወይም ፍግ በደንብ ካልበሰበሰ ዘሩን ራሳችን ተራራ ላይ እናወጣዋለን። ከመሙላታችን በፊት ድብልቁን አጠጥተን ሁለት ሳምንት እናቆየው፤ የሚበቅለው በቅሎ ይለቀም።

ሒሳብ ያዥ፦ ክፍያው በቀን ነው በክብ? ለአራሚዎቹ የሚገዛው ጓንትስ የግድ ነው? ወጪው በዝቷል።

የመስክ ባለሙያ፦ ጓንቱ አይነካ። ቅንጨ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። ክፍያው በቀን ይሁን፤ በክብ ከሆነ ሰው ይቸኩልና ከሣሩ ጋር ችግኙን ያጭደዋል። ለዚህም በየችግኙ አጠገብ ችካል ይተከል፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ድረስ ያለው በእጅ ብቻ ይነቀል።

ሰብሳቢ፦ የተነቀለውን ሣር በችግኙ ዙሪያ አፈሩን የሚሸፍን ጉዝጓዝ እናድርገው?

የችግኝ ጣቢያ፦ ዘር ያልያዘውን ብቻ፣ ግንዱን ሳይነካ። ምስጥ ባለበት በኩል ይቅር።

ሰብሳቢ፦ ሦስቱን ዙሮች፣ ችካሉንና ጓንቱን አስገብቻለሁ። ሒሳብ ያዣችን የቀን ሠራተኛውን ዋጋ በየዙሩ ለይተው ያስገቡልን።