የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ዘንጎች በመስታወት ላይ ቀጥ ብለው ቆመው በሲሊከን ላይ ለምን ተበታተኑብኝ?

ጥያቄ፦ ከማስተርስ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ዘንጎችን (እጅግ ጥቃቅን የክሪስታል ዘንጎችን) በአራት ዓይነት ሰብስትሬት፣ ማለትም ዘንጎቹ በሚያድጉበት መደብ ላይ እያሳደግሁ ነው፤ እነርሱም ተራ የማይክሮስኮፕ መስታወት፣ የሲሊከን ዌፈር ስባሪ፣ ፔት ፕላስቲክ እና አንዲት ትንሽ የሳፋየር (ሰንፔር) ቁራጭ ናቸው። በቅድሚያ 5 ሚሊሞላር ዚንክ አሲቴት በኤታኖል አሟሙቼ ዘንጎቹ የሚበቅሉበትን የዘር ሽፋን እቀባለሁ፤ ይህንንም በ350 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ20 ደቂቃ አቃጥላለሁ። ፔቱ ይህን ሙቀት ስለማይችል በ100 ዲግሪ ብቻ አድርቄዋለሁ። ከዚያም 25 ሚሊሞላር ዚንክ ናይትሬትና ያንኑ ያህል ሄክሳሚን በተጣራ ውሃ በሟሟበት ጠርሙስ ውስጥ ሰብስትሬቱን አስገብቼ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ በ90 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ለ3 ሰዓት አቆየዋለሁ።

በመስታወቱ ላይ ዘንጎቹ እንደ ስንዴ ማሳ ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል። በሲሊከኑ ላይ ግን ዳር ዳሩን ቀለበት ሠርተው ተከማችተዋል፤ መሐሉ ባዶ ሊባል የሚችል ሲሆን እዚህም እዚያም የተጋደሙ ወፋፍራም ክሪስታሎች ይታዩበታል። ፔቱ ተጣምሟል፤ ሽፋኑም በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ተነሣ። ብዙ ተስፋ የጣልሁበት ሳፋየር ደግሞ ከመስታወቱ የተለየ ነገር አላሳየኝም። መስታወቱንና ሳፋየሩን ዘር የቀባሁት በስፒን ኮተር (ሰብስትሬቱን በፍጥነት እያሽከረከረ ፈሳሹን በስሱ በሚዘረጋ መሣሪያ) ነው፤ የሲሊከኑን ስባሪ መሣሪያው ስቦ መያዝ ስላልቻለ ፈሳሹን አንጠባጥቤበት እንዲደርቅ ትቼዋለሁ። ችግሩ የመጣው የሲሊከንና የዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል ባለመጣጣሙ ይሆን?

ምላሽ፦ በቤተ ሙከራ ከሚሠራ አባል

ሲሊከኑን ከመክሰስዎ በፊት የጥያቄዎን የመጨረሻ መስመሮች መልሰው ያንብቡ። ሰብስትሬቱን ብቻ ሳይሆን የዘር አቀባቡንም ቀይረዋል፤ ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው እንዳጠፋ ከዚህ ውጤት መለየት አይቻልም። የእኔ ግምት ግን ወደ አቀባቡ ያደላል። የፈሰሰ ቡና ጠረጴዛ ላይ ሲደርቅ ጥቁሩ ከመሐል ይልቅ ዳር ላይ እንደሚከማች ሁሉ፣ የኤታኖሉ ጠብታም ሲደርቅ አሲቴቱን ወደ ጠርዙ ገፍቶ ይተወዋል። ቀለበቱ ያ ነው። መሐል ላይ የተጋደሙት ወፋፍራሞች ደግሞ እርስዎ ያልዘሯቸው፣ ከፈሳሹ ውስጥ በራሳቸው ተፈጥረው የወረዱ ወፍ ዘራሾች ናቸው።

ስፒን ኮተር በማይመችበት ጊዜ ጠብታውን ለ10 ሰከንድ ያህል ብቻ አቆይተው፣ ሳይደርቅ በንጹሕ ኤታኖል አጥበው፣ በአየር ግፊት ያድርቁት፤ ይህንንም ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይደጋግሙ። ከዚያ በፊት ሲሊከኑን በአሴቶንና በኤታኖል በሚገባ ያጽዱት፤ የጣት አሻራ ያረፈበት ቦታ ዘር አይዝም። ሌላው፣ ሰብስትሬቱን ጠርሙሱ ውስጥ ያስቀመጡት ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ከነበረ ይገልብጡት። ሄክሳሚን በሙቅ ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ አሞኒያና ፎርማልዴሃይድ ይፈርሳል፤ አሞኒያው ፈሳሹን ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያደርገው ዚንክ ኦክሳይድ በግድግዳውም በመሐሉም ይፈጠራል፤ በመሐል የተፈጠረው ነጭ ዝቃጭ ደግሞ ወደ ላይ በዞረ ፊት ላይ ይዘንባል። ጠርሙሱንም ከቀዘቀዘ በኋላ ጭስ በሚስበው ካቢኔ ውስጥ ይክፈቱት፤ ፎርማልዴሃይድ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ምላሽ፦ በፕላስቲክ ላይ ከሚሠራ አባል

በፔቱ ላይ ሁለት ችግሮች ተደራርበዋል። አንደኛ፣ 100 ዲግሪ አሲቴቱን ወደ ዚንክ ኦክሳይድ አይለውጠውም፤ ስለዚህ የቀቡት አሲቴት ኤታኖሉ ከተነነ በኋላም አሲቴት እንደሆነ ቆይቶ፣ ውሃ ውስጥ በገባ ጊዜ በብዛት ሟሙቶ ሄዷል። መፍትሔው ዘሩን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው፦ ዚንክ አሲቴትን በሜታኖል አሟሙተው፣ በ60 ዲግሪ ገደማ እያማሰሉ በሜታኖል የሟሟ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ እያሉ ሲጨምሩበት የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህን ከቀቡ በኋላ ማድረቅ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ፔት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ፕላስቲኩን በመስታወት ላይ አራት ማዕዘኑን በሙቀት ቻይ ቴፕ ወጥረው፣ ሙቀቱን ወደ 75 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ሰዓቱን ቢያረዝሙ መጣመሙ ይቀንሳል። ሰብስትሬቱ የግድ ፔት ካልሆነ ፖሊኢማይድ ይምረጡ፤ 350 ዲግሪን ይችላል፣ እንደ መስታወቱም ዘሩን ማቃጠል ይችላሉ።

ምላሽ፦ በክሪስታል እድገት ላይ ከሚሠራ አባል

ስለ ሳፋየሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቅሬታዎ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያረፈ ይመስለኛልና። ከአሲቴት የሚገኘው የዘር ሽፋን የታችኛውን ሰብስትሬት ይሸፍነዋል። የዘሩ ቅንጣቶች በአብዛኛው በጠፍጣፋ ገጻቸው ስለሚያርፉ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቅንጣት በራሱ ዙሪያ ወደፈለገው አቅጣጫ ዞሮ ስለሚቀመጥ፣ ከላይ ሲታዩ የአንዱ ዘንግ ስድስት ጎን ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። በዚህ ሁኔታ ሳፋየርም መስታወትም ለዘንጉ አንድ ናቸው።

የሰብስትሬቱ ክሪስታል ዋጋ የሚኖረው ዘሩ ሲቀር ነው። ጋሊየም ናይትራይድ እንደ ዚንክ ኦክሳይድ ዉርትዛይት የተባለ የክሪስታል አወቃቀር ያለው ሲሆን በመካከላቸው ያለው የልኬት (የአቶሞች ርቀት) ልዩነት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በዚያው በ90 ዲግሪ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ዘር ያድጋል፣ የዘንጎቹም ጎኖች ሁሉ እርስ በርስ ትይዩ ሆነው ይታያሉ። ሳፋየር በተቆረጠበት አቅጣጫ መሠረት ሲ ገጽ፣ ኤ ገጽ እየተባለ ይለያል፤ በሲ ገጽ ሳፋየር ላይ ልዩነቱ 18 በመቶ ገደማ ነው። በኤ ገጽ ሳፋየር ላይ ግን አራት የዚንክ ኦክሳይድ ርምጃ ከአንድ የሳፋየር ርምጃ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ385 ናኖሜትር ሌዘር ያፈነጠቁትን ናኖ ሽቦዎች በሳፋየር ላይ ያሳደጉት ወርቅን አነቃቂ አድርገው ከእንፋሎት ነበር። እጅዎ ላይ ያለው የትኛው ገጽ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ሁለተኛ ቁራጭ አይግዙ።

ጠያቂው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ

አመሰግናለሁ። መስታወቱንም ሲሊከኑንም በአንድ ዓይነት የማንጠባጠብና የማጠብ ዘዴ ቀብቼ፣ ፊታቸውን ወደ ታች አድርጌ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ አሳደግኋቸው። የመጀመሪያው ሙከራ መብራት ጠፍቶ ስለቀዘቀዘ ጣልሁት። በሁለተኛው ሲሊከኑ ያለ ቀለበት ወጥ ሆኖ ተሸፍኗል፤ የክሪስታልን አቀማመጥ በሚያሳየው በኤክስሬይ ዲፍራክሽንም በሁለቱም ላይ፣ የዘንጎቹን ቀጥ ብሎ መቆም የሚያመለክተው በ34.4 ዲግሪ ያለው ጫፍ ከሌሎቹ ሁሉ ጎልቶ ወጥቷል። የሳፋየሩ ገጽ ሲ ሆኖ ተገኝቷል። ፔቱ አሁንም በትንሹ ይጣመማል፤ ስለዚህ ወደ ፖሊኢማይድ ዞሬያለሁ።