የቬፕ ፈሳሼ ሽቶ ሽቶ አለኝ

ለንደን ነው ያለሁት። ሲጋራ ለማቆም ብዬ ነው ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የጀመርኩት። 50 ሚሊ ኒኮቲን የሌለው የቫኒላ ኩስታርድ (የወተትና የእንቁላል ክሬም) ጣዕም ፈሳሽ ላይ በአንድ ሚሊ 18 ሚሊግራም ያለው ኒኮቲን 10 ሚሊ ጨመርኩበት፣ ጣዕሙ ግን ሽቶ ሽቶ ይላል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልደረሰም እንጂ አልተበላሸም ወንድሜ። ጠጅም እኮ በጠመቁት ማግስት አይጠጣም። በደንብ ነቅንቀህ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀምጠው፤ የፍራፍሬ ቢሆን ግን ጥቂት ቀን ይበቃው ነበር። ቀለሙ ቢጠቁር አትደንግጥ።

መልስ፦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ላፍጥነው እንዳትል፣ እኔ ሞክሬ ጣዕሙን ገደልኩት። ቆይቶም ከከበደህ ኒኮቲን የሌለው ፒጂና ቪጂ (የቬፕ ፈሳሽ የሚሠራባቸው ፕሮፒሊን ግላይኮልና የአትክልት ግሊሰሪን) ጠብ እያደረግክ አቅጥነው። ዘይት ግን በፍጹም፣ ሳንባ ይጎዳል! ኒኮቲኑን ስትነካ ጓንት አድርግ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ኒኮቲኑን ቆልፈህ አስቀምጠው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። አሁን ሲደባለቅ ኒኮቲኑ በአንድ ሚሊ 3 ሚሊግራም ነው የሚሆነው አይደል?

መልስ፦ አዎ፣ 18 በ10 ሲባዛ 180 ሚሊግራም፣ እሱ ለ60 ሚሊ ሲካፈል።