ጉዳቱን እያወቅን ጥሬ ሥጋ የምንበላው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የጤና ሳይንስ ተማሪ፣ ደሴ

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ የኮሶ ትል በጥሬ ሥጋ እንደሚተላለፍ በክፍላችን ውስጥ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በፈተና ቢጠየቅም ማንም አይሳሳትም። ሆኖም ጾም ሲፈታ፣ ምርቃት ሲደርስ ወይም ከቤተሰብ ገንዘብ ሲላክ እነዚሁ ተማሪዎች ተዋጥተው ሥጋ ቤት ሲሄዱ የሚያዙት ቁርጥ ነው፤ ጥብስ የጠየቀ ሰው ደግሞ ፈሪ ይባላል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሥጋው የቄራ ማህተም እንዳለው፣ ሚጥሚጣውና አረቄው ትሉን እንደሚገድሉት፣ ቢይዛቸውም አንድ ኪኒን እንደሚበቃቸው ይነግሩኛል። እነዚህ ምክንያቶች ምን ያህል እውነት ናቸው? የአባቶቻችንን ምግብ ሳልንቅ ከጓደኞቼ ጋር እንዴት ልነጋገርበት?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ማህተሙ የእኔ ሥራ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ቄራ ውስጥ ከብቱ ከመታረዱ በፊት በቁሙ ይታያል፤ ከታረደ በኋላ ደግሞ የመንጋጋው ጡንቻ፣ ምላሱ፣ ልቡ፣ ትከሻውና ድያፍራሙ (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) በቢላዋ እየተሰነጠቀ የኮሶ ትል እጭ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። እጩ ውሃ በቋጠረች፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በማትሞላ ነጭ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። መርማሪው የከብቱን ሥጋ ሁሉ ሊቆራርጥ ስለማይችል፣ ብዙ እጭ ያለበትን ከብት ቢያገኘውም ጥቂት ብቻ ያለበት ሊያመልጠው ይችላል። ይህን የምለው ምርመራውን ለማቃለል አይደለም፤ የታመመ ከብት ወደ ገበታ እንዳይደርስ የሚያደርገው እርሱ ነውና፣ ማህተም የሌለውን ሥጋ ፈጽሞ አትግዙ። ነገር ግን ማህተሙ ሥጋው በጥሬው ቢበላ እንደማይጎዳ ዋስትና አይሰጥም።

ለትሉ መዛመት ምክንያቱ ከብቱ ብቻ እንዳልሆነም ተማሪዎች ቢያውቁ እወዳለሁ። ትሉ አድጎ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ ከብቱ የሚያዘው ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ከተበከለው ሣር ወይም ውሃ ነው። ከባቲ ገበያም ሆነ ከደጋው የተገዛ ከብት የት እንደጋጠ ሥጋ ቤት የተቀመጠው ተማሪ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህ የሚብሰው ሳይመረመር የሚታረደው የቅርጫ ከብት ነው። በበሽታ የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከትል ያልፋል፤ አባ ሰንጋ ሰውን ይገድላል፤ የዚህ ዓይነት ሥጋ ተቀቅሎም ቢሆን አይበላም።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ሰናፍጭ ምላስን ያቃጥላሉ እንጂ በሥጋው ውስጥ ያለውን እጭ አይነኩትም። አረቄውም እንዲሁ ነው።

መልስ፦ የጤና መኮንን፣ ወልድያ

ኪኒኑን በተመለከተ ትንሽ ልጨምር። ብዙ ተማሪዎች ከመድኃኒት ቤት አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ገዝተው ከዋጡ በኋላ ተገላገልን ይላሉ፤ ለኮሶ ትል ግን በዚያ መተማመን አይቻልም። ተመራጩ ፕራዚኳንቴል ሲሆን፣ በሰውየው ክብደት ተሰልቶ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ኒክሎሳማይድም ይሠራል። መድኃኒቱ ያለውን ትል ያስወግዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሚበላው ቁርጥ ግን አይከላከልም።

ተማሪዎች በሽታውን ከበሉት ሥጋ ጋር የማያገናኙት በጊዜው ርዝመት ምክንያት ይመስለኛል። እጩ ከተዋጠ በኋላ አድጎ ቁራጮቹ በሰገራ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ እስኪታዩ ድረስ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያህል ይወስዳል፤ በፋሲካ የተበላው በሐምሌ ተማሪው ቤተሰቡ ዘንድ ሳለ ይገለጣል። የቀድሞ ሰዎች በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ይህን ከልምድ ስላወቁ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ለጓደኞችሽ ስትነግሪያቸው አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ዋጋውን ያውቁና በመራራው መድኃኒት ይከፍሉ እንደነበር ብታነሺ ንቀት አይሆንም። ዛሬ ግን ኮሶውን እንዲጠጡ አልመክርም፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም አደገኛ ነው።

ደግሞም ትሉ የሚያንሰው ጉዳት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከማሳከክ፣ ከሆድ ሕመምና ከማቅለሽለሽ አያልፍም። ሳልሞኔላና አንዳንድ የኢ ኮላይ ዓይነቶች የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊያስከትሉ፣ ኢ ኮላይ ደግሞ ኩላሊትን እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል። እነርሱ በቢላዋና በመክተፊያ ጭምር የሚተላለፉ፣ በዓይንም የማይታዩ ስለሆኑ መርማሪው ሊለያቸው አይችልም።

መልስ፦ የምህንድስና ተማሪ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በግቢ ካፌ ሽሮና ምስር የሚመገብ ተማሪ ሥጋ ሲያገኝ መጓጓቱን ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ሆኖም እኛን ወደ ቁርጥ የሚስበን ጉጉቱ ብቻ አይመስለኝም። በእኛ ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተማሪዎች በአንድ ዶርም እንኖራለን፤ የአንዱን ወገን እርድ ሌላው ስለማይበላ፣ ሁላችንም በአንድ ገበታ መቅረብ ስንፈልግ ሥጋ ቤቱን ትተን የጾም በያይነቱ ወይም ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ጥብስ እናዛለን። ጨዋታው በዚያ ቀን አንዳች ጎድሎበት አያውቅም። እህቴ፣ ጓደኞችሽ የሚወዱት አብሮ መብላቱን ከሆነ፣ ሥጋ ቤት ስትገቡ አንቺ ቀድመሽ ጥብስ ብታዥ የሚከተሉሽ አይጠፉም፤ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ካዘዘ በኋላ ሌሎቹም እፎይ ብለው ነው ያዘዙት።

ዶክተርን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ክትፎ ለብለብ ተደርጎ ቢበላ በቂ ነው?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በቂ አይደለም። እጩ እንዲሞት ሥጋው እስከ መሐሉ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ በለብለብ ክትፎ ላይ የሚፈሰው ቅቤ ይህን ሙቀት ለሥጋው ሁሉ አያደርስም። ክትፎ ደግሞ ሲከተፍ በላዩ የነበረው ተህዋስ ከውስጡ ጋር ስለሚቀላቀል ከጥብስ ይልቅ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ 71 ዲግሪ ቢደርስ ይመረጣል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ቀይነቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይብሰል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ቢያንስ ለ10 ቀን የቆየ ሥጋም እጩ ይሞትበታል፤ ባክቴሪያው ግን በቅዝቃዜ ስለማይሞት ከዚያም በኋላ መብሰል አለበት።