አንግሊካኖች በሰሜን ሸዋ እንሥራ ቢሉ፣ የተዋሕዶ ልጆች ልንተባበራቸው ይገባልን?

አስተባባሪው፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ከአገራችን ታሪክ የተነሣ ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባላት የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ማኅበር የላካቸው ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1839 ወደ ሸዋ መጥተው፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀብለዋቸው ነበር። ዛሬም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የወጣችው አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባና በጋምቤላ ማኅበረ ምእመናን አሏት። እነዚህ ሰዎች በዞናችን በትምህርት፣ በጤናና በደን ልማት ለመሥራት ቢጠይቁ መልሳችን ምን ሊሆን ይገባል? ለሁላችን እንዲመች ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፉ።

የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦ ልንተባበር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ሚስዮናዊ ሲባል ወዲያው የሚታየው ምእመናንን ከበረታቸው የሚያስኮበልል ሰው ነው። በ1799 ለንደን ላይ የተመሠረተው ይህ ማኅበር ግን ሰዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ የያዘው ዐሳብ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መትከል አልነበረም፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ታትመው ቢሠራጩ ነባሪቱ ቤተ ክርስቲያን ከውስጧ ትታደሳለች የሚል ነበር። በ1830 ወደ ትግራይ ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ሳሙኤል ጎባት የመጣው በዚህ ዐሳብ ነው። ያን ጊዜ የታተመው የአማርኛ ወንጌልም የፈረንጅ ትርጉም አልነበረም፤ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ በካይሮ ሆኖ ለዓመታት የደከመበት ሥራ ነው። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን በ1820 ገዝቶ፣ ወንጌሎቹን በ1824፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 አሳተመ። የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1841፣ የሰዋስው መጽሐፉ በ1842 ለንደን ላይ ታትመዋል። እነዚህን ሰዎች በአሳባቸው ሁሉ ባንስማማቸውም እንኳ፣ ለቋንቋችን የደከሙትን ድካም ክደን ክርክር ልንጀምር አይገባንም።

አስጎብኚ፣ ከአንኮበር፦ መምህር፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ቀርቷል። ክራፍ በአንኮበር ልጆችን ለማስተማርና መጻሕፍት ለማደል ሲጥር፣ ንጉሡ ከመምህር ይልቅ ባለ እጅ፣ መድኃኒትና ጠመንጃ ይፈልጉ ነበር። በ1841 ሻምበል ሃሪስ ከቦምቤይ የእንግሊዝ መልእክተኞችን መርቶ በመጣ ጊዜ በንጉሡና በእንግሊዞች መካከል ሆኖ ያስተረጎመው ይኸው ወንጌላዊ ነበር፤ ውሉም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተፈረመ። ስለዚህ መጽሐፍ ይዞ የመጣው ሰው የመንግሥት ጉዳይ አስፈጻሚም ሆኖ ታየ። በ1842 ከሸዋ ከወጣ በኋላ ሊመለስ ቢፈልግ አልተፈቀደለትም፤ ወደ ሞምባሳ ሄዶ ሥራውን በዚያ ቀጠለ። እኔ እንግዶችን ወደ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ይዤ ስወጣ ይህን ታሪክ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ፤ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ የእምነት ተልእኮ ከመንግሥት ጥቅም ጋር ሲጋባ ምን እንደሚሆን በዚያ ኮረብታ ላይ በግልጽ ስለሚታይ ነው።

በዚህም አላበቃም። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 ከተዘረፉት ቅርሶች መካከል ጽላቶች አሉ። ዐሥራ አንዱ በብሪታንያ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ አንዱ ደግሞ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ በዌስትሚኒስተር አቢይ፣ በመንበሩ ውስጥ ተገጥሞ ኖሯል። ተባበሩን የሚል ማኅበር አስቀድሞ ስለዚህ ምን ይላል?

መሪጌታ፣ ከመሐል ሜዳ፦ ሁለታችሁም ታሪኩን በሚገባ አቀረባችሁ፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሥር ታሪክ ሳይሆን ሃይማኖት ነው። አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከሮም በ1534 ስትለይ የጵጵስናን መዓርግ አልጣለችም፤ ጸሎተ ሃይማኖትንም ትቀበላለች፤ ሕፃናትንም ታጠምቃለች። በዚህ ከሌሎች ፕሮቴስታንቶች ትለያለች። ሆኖም በ1571 የጸናው የሠላሳ ዘጠኝ አንቀጽ የእምነት መግለጫዋ ሃያ ሁለተኛው ክፍል የቅዱሳንን ምልጃ መጠየቅን ከንቱ ፈጠራ ይለዋል፤ ሃያ አምስተኛው ከምሥጢራት ሁለቱን ብቻ፣ ጥምቀትንና ቁርባንን፣ የወንጌል ምሥጢራት አድርጎ ይይዛል። እኛ ሰባት ምሥጢራት አሉን፤ ያለ እመቤታችንና ያለ ቅዱሳን ምልጃ የምንጀምረው ማኅበርም የለንም። የኬልቄዶን ጉባኤንም እነርሱ ይቀበላሉ፤ እኛ አንቀበልም።

ሸዋ በሃይማኖት ክርክር ምን እንደደረሰባት እናውቃለን። ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ሊቃውንቱን ለሁለት ከፍሎ፣ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪወሰን ድረስ በቤተ ክህነትም በቤተ መንግሥትም ጠብ አንሥቷል። አባቶቻችን ያን ሁሉ ዋጋ ከፍለው ያጸኑትን አንድነት፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ስለሚያወጣልን ማኅበር ብለን በዋዛ የምንነካው አይደለም። ጤናም ሆነ ትምህርት ቢመጣ አልጠላም፤ የምጠይቀው ከኋላው ምን ተከትሎ እንደሚገባ ነው።

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ መሪጌታ፣ በአክብሮት ልመልስልዎ፤ የምናገረው ከውስጥ ሆኜ ነውና። እኔ በዚሁ ከተማ በሰማንያ ቀኔ በተዋሕዶ ተጠምቄ ያደግሁ ነኝ። ለሥራ ጋምቤላ በቆየሁባቸው ዓመታት ከአንግሊካን ማኅበረ ምእመናን ጋር መጸለይ ጀመርሁ፤ ዛሬም አዲስ አበባ ስሄድ በቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን እጸልያለሁ። መጀመሪያ ልቤን የነካው ነገር ዳግመኛ ተጠመቂ ያለኝ ሰው አለመኖሩ ነው። በሥላሴ ስም በውኃ የተፈጸመ ጥምቀት በየትኛዋም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸም፣ ለእነርሱ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ነው። ስለ እናቴ እምነት በንቀት የተናገረኝም አልነበረም።

ስለ ተልእኳቸው በዝርዝር ልናገር፤ በዚህ ክርክር ውስጥ እስካሁን ማንም አላነሣውምና። አንግሊካኖች በዓለም ዙሪያ አምስት የተልእኮ ምልክቶች የሚሏቸውን ይዘዋል። አራቱ በ1984 የተነገሩ ሲሆኑ አምስተኛው ከዚያ በኋላ ተጨምሯል፤ የመንግሥተ ሰማያትን ወንጌል መስበክ፣ አዲስ አማኞችን ማስተማርና ማጥመቅ፣ የሰውን ችግር በፍቅር አገልግሎት መርዳት፣ የግፍ አሠራርን መለወጥና ለእርቅ መድከም፣ በመጨረሻም ፍጥረትን መጠበቅ ናቸው። በጋምቤላ ይህ በወረቀት የሚቀር ነገር አልሆነብኝም። አብዛኞቹ ምእመናን ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የተሰደዱ ኑዌሮችና ሌሎች ናቸው፤ የአገሩ ተወላጆች አኙዋኮችም አሉ። እርስ በርሳቸው ደም የተቃቡ ሕዝቦች በአንድ ሊጡርጊያ ሲጸልዩ አይቻለሁ። ይህን ያየ ሰው አራተኛውን ምልክት እንደ ጌጥ አይቆጥረውም። የእናቶች ማኅበራቸውም በ1876 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ በጋምቤላ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ንባብ ይማማሩበታል።

እምነታቸው በምን እንደሚለካ የጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። በ1888 የአንግሊካን ጳጳሳት የሚሰበሰቡበት የላምቤዝ ጉባኤ ያጸናቸው አራት መሠረቶች ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ሁለቱ ጸሎተ ሃይማኖቶች፣ ጥምቀትና ቅዱስ ቁርባን፣ ከሐዋርያት ሲያያዝ የመጣው ጵጵስና ናቸው። ጸሎታቸው ከ1549 ጀምሮ በመጽሐፍ የተወሰነ ነው፤ ካህኑ በዕለቱ ከልቡ ያፈለቀውን ብቻ አይናገርም። በጋምቤላ ያቋቋሙትን የሥነ መለኮት ኮሌጅ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስም፣ በቅዱስ ፍሬምናጦስ፣ ሰይመውታል። የአገሩን የመጀመሪያ ጳጳስ አባታችን ነው ብሎ የተነሣ ማኅበር ቤተ ክርስቲያናችሁን ሊያፈርስ መጣ ቢባል ለመቀበል ይከብደኛል።

የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፣ ከመንዝ፦ ክርክሩን ላለማስረዘም በአንድ ነገር ላይ ብቻ እናገራለሁ። ፍጥረትን መጠበቅ መልካም ተልእኮ ነው፤ ግን መንዝ ይህን ከማንም አልተማረም። የጓሳን ሣር አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለረጅም ዘመናት ሲዘጉና ሲከፍቱ ኖረዋል፤ ሥርዓቱ በደርግ ጊዜ ቢፈርስም ሕዝቡ ራሱ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። በየደብሩ የተረፈው ደን የተረፈው ካህናቱና ምእመናኑ ስለ ጠበቁት ነው። ስለዚህ የሚመጣ አካል ካለ ችግኝና ገንዘብ ያምጣ፤ ሥርዓቱ የእኛ ሆኖ ይቀጥል። ሃይማኖቱን አልጠይቀውም።

መሪጌታ፣ ከመሐል ሜዳ፦ እኅታችን በቅንነት ተናግረዋል፤ እኔም በቅንነት ልጠይቅዎ። በዚያ ቆርበዋል? በእነርሱ ሥርዓት በክርስቶስ የተጠመቀ ሁሉ ወደ ማዕዳቸው ይቀርባል፤ በእኛ ግን ቁርባን የሃይማኖት አንድነት ማኅተም ስለሆነ ከሌላ መንበር የቆረበ ሰው በንስሐ ካልተመለሰ በቀር ከእኛ ጋር አይቆርብም። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ሰው ከትብብር ወደ አብሮ መጸለይ፣ ከአብሮ መጸለይ ወደ አብሮ መቁረብ እንዴት እንደሚያልፍ የእርስዎ ሕይወት ራሱ ያሳያልና ነው። ደግሞ የትኛዋን አንግሊካን ነው የምንተባበረው? የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2015 የመጀመሪያዋን ሴት ጳጳስ ሾመች፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ለአንድ ፆታ ጥንዶች የቡራኬ ጸሎት እንዲደርስ ፈቀደች። ከራሳቸው ወገን ያልተስማሙበትን ነገር እኛ እንዴት አድርገን እንመዝነው?

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ አዎን፣ ቆርቤአለሁ፤ አልሸሽገውም። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ግን፣ ጋምቤላ በ2020 በተቋቋመችው በአሌክሳንድርያ ጠቅላይ ሀገረ ስብከት ሥር ካሉት አራት አህጉረ ስብከት አንዱ ነው፤ ይህች ጠቅላይ ሀገረ ስብከትም እንግሊዞች በ2023 የወሰኑትን ካልተቀበሉት የአፍሪካና የእስያ አንግሊካኖች ወገን ናት። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በክብር ይቀድማሉ እንጂ እንደ ሮም ጳጳስ በሁሉም ላይ አያዝዙም። ጋምቤላ ያለው ካህን ስለ ለንደን ውሳኔ ሊጠየቅ አይገባውም።

የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦ መሪጌታ ስለ ኬልቄዶን ያነሡትን ሳልመልስ ላልፍ አልችልም። በ2014 የአንግሊካንና የምሥራቃውያን ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ ኮሚሽን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በካይሮ የጋራ መግለጫ አውጥቷል፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። መግለጫው የቅዱስ ቄርሎስን ትምህርት መሠረት አድርጎ፣ አንዱ ጌታ በመለኮቱ ፍጹም፣ በትስብእቱም ፍጹም መሆኑን፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መከፈልና ያለ መለየት እንደሆነ ይናገራል። በ2017 ደግሞ ስለ መንፈስ ቅዱስ መሥረጽ ተስማምተው፣ «ከወልድም» የሚለው ጭማሪ በመጀመሪያው ጸሎተ ሃይማኖት ያልነበረ መሆኑን አንግሊካኖቹ ተቀብለዋል። ይህ ሁሉ የኮሚሽን ስምምነት እንጂ የቅዱስ ሲኖዶስ ውሳኔ አለመሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የሁለቱ ወገን ሊቃውንት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይህን ያህል ከተቀራረቡ፣ እኛ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረን መሥራትን የምንፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

አስጎብኚ፣ ከአንኮበር፦ ስለ ጽላቱ የጠየቅሁት እስካሁን አልተመለሰልኝም።

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ልመልስ። በኤዲንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን፣ የስኮትላንድ አንግሊካኖች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አንድ ካህን በ2001 ጽላት ተቀምጦ አገኘ፤ ምንነቱን እንዳወቀም ዝም አላለም፤ በ2002 ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በታላቅ እልልታ ተቀበልነው። የዌስትሚኒስተር አቢይም በ2024 ጽላቱን ለመመለስ በመርሕ ደረጃ ተስማምቷል። ዘግይቷል፤ እኔም አዝናለሁ። ያልተመለሰው እስኪመለስ ድረስ ጥያቄው የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የእኔም ነው፤ ይህንንም በጋምቤላ ለነበሩት ጳጳስ በፊታቸው ተናግሬአለሁ።

መሪጌታ፣ ከመሐል ሜዳ፦ እንግዲህ የእኔን አቋም በግልጽ ላስቀምጥ። የሚመጣ ካለ አስቀድሞ ከሀገረ ስብከታችን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዞ ይምጣ፤ ሥራውም በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ፊት በግልጽ ይነገር፤ ለሕፃናት የሃይማኖት ትምህርት አይስጥ፤ ሠራተኞቹም ስለ ራሳቸው እምነት ከምእመናን ጋር ከመነጋገር ይቆጠቡ። በዚህ ውል ቢሆን አልቃወምም፤ ከፊርማው በታች ስሜን ለማኖርም ፈቃደኛ ነኝ።

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ መሪጌታ፣ ሦስቱን ዛሬ እፈርማለሁ፤ እነዚህ ተገቢ ናቸው፤ ልጆችንም በወላጆቻቸው ሃይማኖት የማስተማር መብት የወላጆቻቸውና የእናንተ ነው። አራተኛውን ግን አልፈርምም። በሽተኛ እጄን ይዞ «አንቺ በምን ታምኛለሽ?» ብሎ ቢጠይቀኝ እመልስለታለሁ፤ ወደ እኔ ና አልለውም፤ ግን ዝም አልልም። እርስዎም በእኔ ቦታ ቢሆኑ ዝም የሚሉ አይመስለኝም። ይህች አንቀጽ ወጥታ ውሉ እንደገና ይጻፍ፤ አለዚያ ሀገረ ስብከቱ ራሱ ያሻሽላት።